የሻሼ አገጭ

«ይቆረጥ! አገጭ ለድመት ምኗ ነው? ነፍሷ ትትረፍልኝ እንጂ!»

ድምፁ የመጣው ከግድግዳው ወዲያ ነው። ሳያት የጥርስ ብሩሿን አፏ ውስጥ እንደያዘች ቆመች። እሷና አባቷ የሚኖሩባቸው ሁለት ክፍሎች ከአጎቷ ከጋሼ መሀመድ ሰዒድ ትልቅ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። ጭቃው በስሚንቶ ተለስኖ ሰማያዊ ቀለም ቢቀባም ኮርኒሱ አንድ ስለሆነ እዚያ የተባለው ሁሉ እዚህ ይሰማል። ጋሼ ከወዳጃቸው ከካሚል ጋር በስልክ እያወሩ ነበር። «ምን ጅማ ውሰዳት ትለኛለህ? ሳያት አለች አይደል? የራሳችን ልጅ ሐኪም ሆና ለማን ልትሆን ነው? መንጋጋዋን ቆርጣ ትጥለዋለች፣ በቃ! ዛሬውኑ!» ሳያት በሩን ከፍታ አረፋውን ሳሩ ላይ ተፋችው። አባቷ አራጌ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የፕላስቲክ ቦቲውን ያጠልቅ ነበር። የወንድሙን ድምፅ እሱም ሰምቷል፤ ቀና ግን አላለም። ያጠለቀውን ጫማ አወለቀ፣ ጠጠር እንደገባበት ሁሉ ገልብጦ አራገፈው፣ ምንም አልወደቀም፣ መልሶ አጠለቀው።

«ሰማህ አባዬ?»

«ዝናብ ሊመጣ ነው፣ ጃንጥላሽን ያዢ» አለና ተነስቶ ወጣ።

የዛሬ አራት ዓመት ይኸው ድምፅ፣ በዚሁ ሳሎን፣ ሌላ ነገር ብሎ ነበር። የሳያት እናት ሰዓዳ የታች ድዷ ላይ የወጣባት ቁስል አልድን ብሎ ነቀርሳ መሆኑ ሲታወቅ፣ ሐኪሞቹ «ገና ትንሽ ነው፣ የመንጋጋዋ ግራ ጎን ከነበሽታው ቶሎ ተቆርጦ ይውጣ» አሉ። በዚህ ግቢ ደግሞ ትልቅ ነገር የሚወሰነው በጋሼ መሀመድ ሰዒድ ነው። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ተጭነው ኢሉባቦር ሲሰፍሩ፣ እናትና አባታቸውን መንገድ ላይ ቀብረው፣ ታናሽ ወንድማቸውን አራጌን በጀርባቸው አዝለው የመጡት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እሳቸው ሲናገሩ አራጌ ያዳምጣል። ያን ቀን ዱአ ተደርጎ፣ ጫት ቀርቦ፣ እነ ካሚል ተሰብስበው ሳለ ጋሼ ቃላቸውን ሰጡ። «ነቀርሳ ቢላ ከነካው ይበተናል፤ ይህን የማያውቅ የለም። ደግሞስ ግማሽ ፊት ይዛ እንዴት ሰው መሀል ትገባለች? ሰዓዳን መሳቂያ አላደርጋትም።» ያኔ የእንስሳት ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ተማሪ የነበረችው ሳያት፣ የውሃ ጆግ በእጇ እንደያዘች «ጋሼ፣ ሐኪሙ እኮ…» ብላ ጀመረች። ጋሼ ሳቁ። «አንቺ የተማርሽው ለከብት ነው። ስለ በሬ ስንመክር እንጠራሻለን።» ሰው ሁሉ ሳቀ። አራጌ አልሳቀም፤ «እርስዎ እንዳሉ ወንድምዬ» አለ። ሰዓዳ ዳሪሙ ወዳለ ቅጠል አዋቂ ተወሰደች፣ ተመለሰች፣ በዓመቱ ተቀበረች። ሳያት ተመርቃ መቱ ከተማ ተመደበችና እዚያው ሁለት ክፍል ውስጥ ከአባቷ ጋር ኖረች። ጋሼን በየጠዋቱ «እንዴት አደሩ» ትላቸዋለች።

«ሳያት! ነይ እስቲ!» ብለው ተጣሩ ጋሼ አሁን፣ ከግድግዳው ወዲያ።

ሳሎኑ እንደ ሁልጊዜው ጨለምለም ያለ ነው። ወፍራም መጋረጃ፣ በዳንቴል የተሸፈኑ ሶፋዎች፣ የመካ ስዕል ያለበት ትልቅ ሰዓት፣ መስኮቱ ጥግ ደግሞ ጋሼ ለሚነግዱት ቡና ከያዮና ከሁሩሙ የመጣ ናሙና በየሳህኑ። ድመቷ ሻሼ፣ ጋሼ ብቻ በሚቀመጡበት ሶፋ ላይ፣ በተጣጠፈ ጋቢ ውስጥ ተኝታለች። ግንባሯ ላይ ሻሽ ያሰረች የሚያስመስላት ነጭ አለባት። ከአፏ ደም የተቀላቀለበት ለሃጭ ይወርዳል። ክፍሉ ያን ዓመት የእናቷ ክፍል እንደሸተተው ይሸታል። የጋሼ ሚስት እትዬ ሲቲ በነጠላዋ ጫፍ አፍንጫዋን ይዛ ቆማለች።

«እስቲ አንቺ ንገሪያቸው ልጄ! ጉበት በኪሎ እየገዙ፣ በእጃቸው እየከተፉ፣ እንደ ሙሽራ ይለማመጧታል። ወተት ሊትሩ ስንት እንደገባ እንኳ አይጠይቁም። እንግዳ መቀበል ቀረ በዚህ ቤት፤ ለአንዲት ድመት ብለን!»

«ዝም በይ አንቺ! ድመት ነቢዩ የወደዷት ፍጥረት ናት። እሷ መጋዘኔ ከገባች ወዲህ አይጥ አንድ ኬሻ ነክቶብኛል?» አሉና ጋሼ ድምፃቸው ወረደ። በአንድ ጣታቸው የድመቷን ጆሮ ሥር ማሻሸት ጀመሩ። «ከትናንት ጀምሮ ጠብታ አልቀመሰችም። ሲርባት ትመጣና እግሬ ሥር ቁጭ ብላ ታየኛለች። አትጮህም። ታየኛለች ብቻ።» ዓይናቸው ውሃ ሞላ። ሳያት ውሃውን በደንብ አየችው። በእናቷ ቀብር ዕለት ፊታቸው ደረቅ እንደነበር፣ ለቀብር የመጡትን ሰዎች ጫማ እንዳያበላሹ ጭቃው ላይ ድርቆሽ እንዲነሰነስ ሲያዝዙ እንደዋሉ ታስታውሳለች።

«ውጤቱን ትናንት ነግሬዎታለሁ» አለች። ከሻሼ አፍ ወስዳ ወደ ተማረችበት ዩኒቨርሲቲ የላከችው ናሙና ጥርጣሬዋን አረጋግጦ ነበር። «ነቀርሳ ነው። ያለው ግን ወደ ፊት፣ በግራ በኩል ነው። ምላሷ ሥር አልገባም፤ አንገቷ ላይ ያለው ዕጢም አላበጠም። የታች መንጋጋዋ ግራ ጎን ከወጣ የመትረፍ ዕድል አላት። ተመልሶ ሊመጣም ይችላል፤ አልዋሽዎትም።»

«ቁረጪው! የፈለግሽውን ጠይቂኝ።»

«ምንም አልጠይቅም። ክሊኒካችን ውስጥ ግን እንስሳውን የሚይዘው ባለቤቱ ነው። ጭንቅላቷን የሚይዙልኝ እርስዎ ነዎት።»

«እኔ? ደም ፊት?»

«ገበሬው በሬውን የሚይዘው ራሱ ነው ጋሼ። ደንባችን ነው» አለች። ድምጿ ሁልጊዜም ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ ትሕትና ይሁን ሌላ ነገር ሰው አይለየውም።

መቱ ላይ ዝናብ ሲጀምር ሰው አይሮጥም፤ የት ድረስ ይሮጣል? ሳያት ጃንጥላዋን ዘርግታ በኮብልስቶኑ ቁልቁል ወረደች። መናኸሪያው በር ላይ የሁሩሙ ሚኒባስ ረዳት «አንድ ሰው! አንድ ሰው!» እያለ ይጮሃል፤ ውስጡ ግን ገና ባዶ ነው። አንዲት ሴት ማር የያዘ ባልዲ ላይ ፌስታል አስራ ከበሩ ሥር ተጠልላለች። ሳያት እየተራመደች የምታስበው ስለ ማደንዘዣው ነበር። ሻሼ ከስታለች፤ አንዲት ዶሮ አታህልም። ሲሪንጁ ላይ ያሉት መስመሮች ደግሞ ፀጉር ያህል ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው ማለፍ ከእጅ መንቀጥቀጥ አይለይም። ድመቷ ትተኛለች፣ አትነቃም። ማንም ምንም አይጠይቅም። ጋሼ ባዶ ጋቢ ታቅፈው ይመለሳሉ፣ እግራቸው ሥር የሚያያቸው ይጠፋል። ይህን ሁሉ፣ ሽንኩርት ለመግዛት እንደምትወጣ ሴት በእርጋታ ማሰቧ ራሷን አስደነቃት። ልቧ እንኳ ፈጠን አላለም።

የእንስሳት ክሊኒኩ ከከተማው ጫፍ፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር ነው። ከብት የሚያዝበት የእንጨት ጋጥ፣ ጣሪያው የሚያፈስ አንድ የመድኃኒት ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ። ወደዚያ የሚመጣው በሬ ነው፣ ላም ነው፣ በቅሎ ነው፤ በተለይ የዝንቡ በሽታ፣ ገንዲ፣ ያከሳው ከብት። ድመት የሚያመጣ ሰው የለም። አብሯት የሚሠራው ዲንቃ፣ ሸምገል ያለ ተጫዋች ሰው፣ ቡታጋዙ ላይ ድስት ጥዶ ዕቃዎቹን ሲቀቅል አገኘችው። ጋሼ እሺ ይሉ ይሆናል ብላ ትናንት ማታ ደውላለት ነበር። ከዕቃዎቹ መሀል እንደ እባብ የተጠቀለለው ቀጭን የሽቦ መጋዝ አለ፤ ላም ሆድ ውስጥ የሞተ ጥጃ ቆራርጦ ለማውጣት የሚያገለግል ነው። አጥንት የሚቆርጥ ሌላ ነገር ክሊኒኩ ውስጥ የለም።

«ጥጃ የምናወጣበትን ለአዱሬ?» አለ ዲንቃ ክዳኑን ከፍቶ እያሳያት። «ዶክተርዬ፣ ድመቷን ብትውጣትስ ይቺ ሽቦ?»

«ትንሽ ቁራጭ ነው የምንጠቀመው። ሰባራውን ጫፍ ጣልልኝ።»

ጋሼ በባጃጅ ደረሱ። ሻሼን ባዶ የብስኩት ካርቶን ውስጥ ከጋቢያቸው ጋር አድርገው፣ ካርቶኑን ዝናብ እንዳይነካው በኮታቸው ሸፍነው፣ ራሳቸው በስብሰው ነበር። በሩ ላይ ከሁሩሙ መንገድ ያለ እንቅልፍ የመጣ ደበሳ የሚባል ገበሬ፣ ወገቡ የተሰበረ የመሰለ በሬውን በገመድ ይዞ ቆሟል። «አካም ቡልተን» ብሎ ሰላም አለና ካርቶኑ ውስጥ አጮለቀ። «አዱሬ? ለዚች ነው እኔ የምጠብቀው? በሬዬ ይቅደም እንጂ ዶክተር!»

«ደበሳ፣ ያንተ በሬ ቡና ነጋዴ አባት የለውም» አለ ዲንቃ። «ወረፋህን ጠብቅ።»

«ቡና ነጋዴ መሆኑንማ አውቀዋለሁ፤ አምና ቡናዬን የመዘነው እሱ አይደል? በሱ ሚዛን ድመቷም ትቀላለች፣ ተጠንቀቁ!» ወረፋ የሚጠብቁት ገበሬዎች ሁሉ ሳቁ። ጋሼ የሰሙ አልመሰሉም። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ሁለት እጃቸውን ጠርዙ ላይ አድርገው ቆሙ። ከሳሎናቸው ውጭ ሲታዩ ያነሱ ናቸው።

ሳያት ጀርባዋን ሰጥታ መድኃኒቱን ወደ ሲሪንጅ ሳበች። ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። መስመሩ ጋ ደረሰ፤ አለፈ። ቆመች። ከኋላዋ ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ መቼም ቢላ አልወድም፤ ታውቂያለሽ። ካሚል ነው ያደፋፈረኝ። እንግዲህ ከተረፈች አልሐምዱሊላህ። ካልተረፈችም ያው ያልኩት ነው፤ ቢላ የነካው አይሰነብትም» አሉ። እንዲህ ነው ያሉት፤ ስለ አየር ሁኔታ እንደሚያወራ ሰው፣ ራሳቸውን ለማጽናናት። የሳያት እጅ አየር ላይ እንዳለ ቀረ። ድመቷ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ከሞተች ጋሼ የሚያጡት ድመት ነው፤ የሚያገኙት ግን ቃላቸውን ነው። ነገ ካሚል ጋ፣ ከነገ ወዲያ መስጊዱ በር ላይ፣ ከዚያም ዕድሜያቸውን ሙሉ «አላልኩም ነበር?» ይላሉ። አባቷም «እርስዎ እንዳሉ» ይላል። ሰዓዳም ለሁለተኛ ጊዜ፣ በሷው በልጇ እጅ፣ መቆረጥ ያልነበረባት ሴት ትሆናለች። ሳያት ሲሪንጁን ገፋ አደረገች። ትርፏ ጠብታ ወለሉ ላይ ወደቀች። መስመሩን እንደገና አየችው፣ ከዚያም ለሦስተኛ ጊዜ አየችው። አንድ ነፍስ እንድትተርፍ እንዲህ አጥብቃ ፈልጋ አታውቅም፤ የፈለገችውም ከፍቅር አልነበረም።

መርፌው ሻሼን ሲያስተኛት ዓይኗ ክፍት ነበር። ሳያት ደም ወደ ሳንባዋ እንዳይገባ ጉሮሮዋ ላይ፣ መተንፈሻ ትታ፣ እርጥብ ፋሻ ጠቀጠቀች፤ መንጋጋዋ ሥር የሚያደነዝዝ ሌላ መርፌ ወጋች፤ ፀጉሯን ላጨች። «እዚህ ይያዙ ጋሼ። ሁለት እጅዎን። አፏ እንዲህ ተከፍቶ ይቆይ።» ጋሼ ያዙ። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። «ካላዩ እጅዎ ይንሸራተታል» አለች፤ እውነቷን ነበር። ጋሼ ተመለሱ። እያንዳንዷን ነገር ከመሥራቷ በፊት በዝቅተኛ ድምጿ ትነግራቸዋለች። አሁን ድዱን ከጤነኛው ላይ ነው የምከፍተው፤ ከበሽታው ራቅ ብዬ፤ ለዚህ ነው የማይበተነው። አሁን ደም ሥሩን አስራለሁ። አሁን አገጯ መሀል ላይ ሁለቱን አጥንት እለያለሁ። ሽቦውን ከጥርሶቹ ኋላ በአጥንቱ ሥር አሳልፋ ሁለቱን ጫፍ ስትይዝ፣ የጋሼ ግንባር ላይ ላብ ተደርድሮ ነበር። መጋዙ ድምፅ አለው፤ ደረቅ እንጨት የሚፈጭ ዓይነት ድምፅ። መስኮቱ ላይ ተደርድረው ሲያሾፉ የነበሩት ገበሬዎች አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሸሹ። ደበሳ እንኳ ባርኔጣውን አወለቀ።

አጥንቱ ሲለቀቅ ዲንቃ «ዶክተር» አለ። የድመቷ ደረት ቆሟል።

«አላልኩም?» አሉ ጋሼ። እጃቸው ላላ። «ያ ረቢ፣ አላልኩም? ቢላ…»

«ይያዙ!» ብላ ጮኸች ሳያት። መቱ ውስጥ ድምጿን ከፍ ስታደርግ የሰማ ሰው አልነበረም፤ በሬው እንኳ ጋጡ ውስጥ ፈንጠር አለ። ፋሻውን መንጥቃ አወጣች፣ ምላሷን በጨርቅ ይዛ ወደ ውጭ ሳበች፣ በሁለት ጣቷ ደረቷን መጫን ጀመረች። አትሞቺም፣ ትላለች በልቧ፤ ዛሬ አትሞቺም፣ ለኚህ ሰውዬ ስትዪ አትሞቺም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጣል። ዲንቃ ወደ ዋቃው፣ ወደ ፈጣሪው፣ የሆነ ነገር ያጉረመርማል። ጋሼ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ከዚያ ጣቷ ሥር የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ደረቱ ራሱን አነሳ፣ ወረደ፣ ቆየ፣ እንደገና ተነሳ። ሳያት መተንፈሱ እስኪስተካከል ጠበቀች። ከዚያም ፋሻውን መልሳ፣ ሌላ ጓንት አጥልቃ፣ የቀረውን ድድ በአጥንቱ ጫፍ ላይ አልብሳ መስፋት ጀመረች።

ሲያልቅ የወጣውን ቁራጭ በፋሻ ላይ አድርጋ ለጋሼ ዘረጋችላቸው። ከነጥርሱ የጣት ግማሽ አይሆንም። ጋሼ ተቀብለው ገለባበጡት።

«ይህችው ናት?» አሉ። «ይህችው ብቻ?»

«ለሰው ትንሽ ትበልጣለች» አለች ሳያት።

ጋሼ ቀና ብለው አዩዋት። አንዳች ነገር የደረሳቸው መሰለ። ወዲያው ግን ሻሼ ጆሮዋን አርገበገበች፣ ጋሼም ቁራጩን ጠረጴዛው ላይ ጥለው ወደ እሷ ጎነበሱ። ከሰዓት በኋላ ነቅታ ጭንቅላቷን ማንሳት ስትጀምር ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ለካሚል፣ ለእትዬ ሲቲ፣ ያዮ ላለ ቡና አቅራቢያቸው ሳይቀር። «ወላሂ በዓይኔ አየሁ! ቆርጣ ጣለችው! የኛ ሳያት! ሞታ ነበር እኮ፣ መለሰቻት! ማታ ና፣ እራት እኛ ቤት ነው!» ድምፃቸው እየራቀ በባጃጁ ሄደ። ሳያት ደጅ ወጥታ የደበሳን በሬ ዓይን ገልብጣ አየች፤ ነጭ ነው፣ ገንዲ ነው። መርፌውን ወጋችው። ድመቷን አድናላቸዋለች። እሳቸው ደግሞ የዳነችውን ድመት ይዘው፣ ደስ ብሏቸው፣ ሌላ ምንም ሳይዙ ሄዱ።

ከመግሪብ ሶላት በኋላ ሳሎኑ ሞቅ ብሎ ነበር። እትዬ ሲቲ ዶሮ ሠርታለች፤ ካሚል ትልቅ ሆዱን ታቅፎ ከጋሼ አጠገብ ተቀምጧል፤ አራጌ እንደ ልማዱ በሩ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ነው። ሻሼ ሶፋው ላይ ተጠቅልላለች። ፊቷ ወደ አንድ ጎን ሄዷል፤ ምላሷ በጎደለው በኩል ትንሽ ወጥታ ቀርታለች። ሳያት ከእጅ ማስታጠቢያው ጋር ቆማ፣ ጋሼ የቀኑን ታሪክ ለሦስተኛ ጊዜ ሲያወሩ ታዳምጣለች። አሁን በታሪካቸው ውስጥ ደረቷን የተጫኑት እሳቸው ሊሆኑ ምንም አልቀራቸውም።

«ኧረ ምን መሰለች በሞትኩት» አለች እትዬ ሲቲ። «ግማሽ ፊት!»

«ምን ሆነች?» አሉ ጋሼ። «ይህች ታስጠላለች? ነፍስ ካለ ፊት ምን ያደርጋል! አይደለም እንዴ ካሚል?»

«እውነት ነው» አለ ካሚል እያኘከ። «ዋናው ነፍስ ነው።»

አራጌ ሊጎርስ ያነሳውን እጁን መልሶ ሳህኑ ላይ አኖረው። በዚህ ሳሎን ውስጥ ሳይጠየቅ ሲናገር ማንም አያስታውስም፤ ስለዚህ መናገር ሲጀምር መጀመሪያ ማን እንደተናገረ ሁሉም ዞር ዞር ብለው ፈለጉ። «ሳያቴ» አለ፤ ዓይኑ ድመቷ ላይ ነው። «ሰዓዳም እንዲህ ነበር የምትሆነው?»

«አዎ አባዬ። እንዲህ።»

«ትድን ነበር?»

ያኔ ሐኪሙ ለሳያት ያላት «ጥሩ ዕድል አላት» ነበር። ብዙዎቹ ይተርፋሉ፣ ሁሉም ግን አይደሉም ብሏታል። «ጥሩ ዕድል አላት» እና «ትድናለች» በሚሉት መሀል ያለውን ርቀት እንደ እሷ የሚያውቅ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ጋሼን አየቻቸው። የዶሮ ብልት በእጃቸው እንደያዙ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከእሷ አፍ የሚወጣውን ይጠብቁ ነበር።

«ትድን ነበር» አለች።

ጋሼ ብልቱን አስቀመጡ። «እንግዲህ… የአላህ ውሳኔ ነው። ቀኗ ነው። እኔ ለክብሯ ብዬ…» አሉና ካሚልን አዩ። ካሚል ሳህኑን ያይ ነበር። ሳያት ለዚህች ደቂቃ አራት ዓመት ስትጠብቅ እንደኖረች አሁን ገባት። ነገር ግን ቃሏ የወደቀው ጋሼ ላይ ብቻ አልነበረም። አባቷ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ አንድ ሰው ጀርባው ላይ ከባድ ነገር እየጫነበት እንዳለ ቀስ ብሎ ጎበጠ። ልትመልሰው የምትችለው ቃል አልነበረም። ሊመለስ ቢችልም ትመልሰው እንደሆነ አላወቀችም።

ሻሼ ቀጭን፣ የተሰነጠቀ ድምፅ አወጣች። ርቧታል። ጋሼ ማምለጫ እንዳገኘ ሰው ተንደርድረው ተነሱ። ሳያት ለዛሬ ቀጭን የዶሮ ሾርባ ብቻ፣ በሲሪንጅ፣ ትንሽ በትንሹ ብላቸው ነበር። ጋሼ ሞልተው አፏ መሀል አስገቡና ገፉት። ድመቷ አነቃት፣ አስላት፣ ሾርባው ከደም ጋር ተቀላቅሎ ጋቢው ላይ ፈሰሰ። እንደገና ሞከሩ። ሳያት ለመርዳት አንድ እርምጃ ሄደች፤ አባቷ ቀደማት።

አራጌ ከበሩ አጠገብ ተነስቶ ሳሎኑን አቋረጠ። በወንድሙ ሶፋ ላይ፣ ማንም በማይቀመጥበት፣ ከድመቷ ጎን ተቀመጠ። ሲሪንጁን ከጋሼ እጅ ወሰደ። የሻሼን ጭንቅላት በግራ እጁ ከሥር ደግፎ ትንሽ ዘንበል አደረገው፤ ጫፉን በመሀል ሳይሆን በደህናው ጎን፣ በጉንጯ ውስጥ አስገባ፤ አንድ ጠብታ ለቀቀና እስክትውጥ ጠበቀ። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ ሌላ ጠብታ ለቀቀ። የወረደውን በአውራ ጣቱ ጠረገላት። ድመቷ ዝም ብላ ትውጣለች። ከሳያት በቀር ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ይህን እጅ ያየው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ሰዓዳ የመጨረሻውን ክረምት ሙሉ በሕይወት የቆየችው ግን በዚህ እጅ በሚንጠባጠብ አጥሚት ነበር። ከግድግዳው ወዲህ፣ በሁለቱ ክፍሎች ውስጥ። እትዬ ሲቲ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች።

«እንዲህ ነው» አለ አራጌ። «ሲቸኩሉባት ያንቃታል። ሰዓዳንም እንዲህ ነበር። ያኔ አንድ ቀን አልመጡም ወንድምዬ፣ ስለዚህ አላዩም።» ሲሪንጁን ዘረጋላቸው። «አሁን እርስዎ።»

ጋሼ አልተቀበሉም። አራጌ የወንድሙን እጅ ያዘ፣ ሲሪንጁን መዳፉ ውስጥ አስቀመጠ፣ ጣቶቹን በላዩ አጠፋቸው። ከወሎ እስከ ኢሉባቦር አዝሎት በመጣው ትከሻ ላይ ሌላውን እጁን አሳረፈና ወደ ታች ጫን አደረጋቸው። ጋሼ ምንጣፉ ላይ ተንበረከኩ። አንድ ጠብታ ለቀቁ። እንባቸው አገጫቸው ላይ ደርሶ ነበር፤ ለመጥረግ ግን ነፃ እጅ አልነበራቸውም። ሳያት ማስታጠቢያውን እንደያዘች ቆማ አየች። ማንም ጠጋ አላለም። ሲሪንጁ ሲያልቅ ጋሼ ሊነሱ ጉልበታቸውን አላቀቁ፣ አባቷ ግን ትከሻቸውን አልለቀቀም።

«ገና ነው» አለና ሾርባውን ወደ እሳቸው አስጠጋው። «ገና አልጠገበችም።»